የተነጠረው ዘይት

ባጃጄ ሚኒሞ ላይ ናት። ሚኒሞ የምንለው ቆማ ሳለች ሞተሯ ብቻ ሲሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላልኝ ድረስ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣል አድርጌ አዳምጣታለሁ። ምንም የለም። ከፊትና ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ የሞተሬን ዝምታ እሰማለሁ። ድሮ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስደስትሻል ቢለኝ ኖሮ እስቅበት ነበር።

ባለፈው ጥምቀት ማግሥት እንዲህ አልነበረችም። ያኔ ድምጿን ላለመስማት ተራ ስጠብቅ ሞተሯን አጠፋው ነበር።

አረብ አገር ብዙ ዓመት የሰው ቤት ሳጸዳ ኖሬ ስመለስ ፀጉር ቤት ክፈቺ ያለኝ ነበር፣ ልብስ ቤት ክፈቺ ያለኝም ነበር። እኔ ባጃጅ ገዛሁ። ያን ሁሉ ዘመን ከአራት ግድግዳ ሳልወጣ ከርሜያለሁና ከእንግዲህ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሥራ አይንካኝ አልኩ። ደብረ ታቦር ላይ ሴት ባጃጅ ስትነዳ ማየት ብርቅ ባይሆንም የተራ ጠባቂ ምላስ አይታሰርም። "መሪውን እንደ ማማሰያ አትያዥው እንጂ" ይሉኛል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ብዬ አልፋቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አላልፋቸውም፤ አንዳንዱን በነገር ወግቼ አፉን አስዘግቼዋለሁ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እኔ በሌለሁበት ዘመን ሁሉ በዚችው ቤት ብቻዋን ነበረች። የፋርጣ ገጠር ልጅ ናት፤ ከእጇ ምንም ነገር አይባክንም። የጠላው አተላ ለጎረቤት ላም ይሄዳል፣ የተቀደደ ነጠላ ማጥለያ ይሆናል፣ አመዱ ሳይቀር ሥራ አለው። አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባኝ ነበር። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ዝጓል፤ በተከፈተ ቁጥር ጩኸቱ ሰፈሩን ያስደነብራል። እኔ ጎረቤት እንዳይቀየመኝ በሩን በሁለት እጄ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የምከፍተው። "አንድ ጠብታ ዘይት ላድርግበት" ስላት "ተይው" ትለኛለች። ለጠብታዋ ሰስታ ነው ብዬ ተውኩት።

የሞተር ዘይት ጊዜው ሲደርስ ፈስሶ ይደፋል፤ አዲስ ይገባል። ዘይት መቀየሩን ራሴ ተምሬው ስለነበር መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳፈስ እናቴ መጥታ ከበላዬ ቆመች።

"ምን ልታረጊው ነው?" አለችኝ።

"ልደፋው።"

"ምን ሆነና?"

"ቆሽሿላ።"

"ቅቤስ አይቆሽሽም? ቅቤ ቢቆሽሽ ይነጠራል እንጂ ይደፋል እንዴ?"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዘይቱን በጣሳ ተቀብላ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አዋለችው። ዝቃጩ ከታች ተኛ። ከዚያ ከላይ ከላዩ ቀስ አድርጋ ቀዳችና በአራት በታጠፈ አሮጌ ነጠላ አጠለለችው። ጠቆር ያለ ማር መስሎ ወጣ። በጣቶቼ መሀል ፈተግሁት፤ አሸዋ የለውም፣ ያሟልጫል። የእናቴን ቅቤ የበላ ሰው እጇን አይጠራጠርም። በኛ አገር ደግሞ ቅቤ በሰነበተ ቁጥር ለመድኃኒት ይፈለጋል እንጂ ተበላሸ አይባልም። ዘይቱም ሲሠራ ይበስል ይሆናል አልኩና መልሼ ባጃጇ ውስጥ ጨመርኩት። የጎደለውን ብቻ በአዲስ እሞላለሁ። ከዚያ በኋላ ጊዜው በደረሰ ቁጥር እኔ አፈሳለሁ፣ እሷ ታነጥራለች። አንዳንዴም "የዛሬው ጥሩ ጠለለ" እያለች ጣሳውን ለጎረቤት ታሳይ ነበር። እኔም ኮርቼባታለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ግን ባጃጇ አመል አወጣች። ጠዋት ጠዋት ጉም ሳይነሳ ስንወጣ ደህና ናት። ቀትር ሲሆን፣ ሦስት ሰው ጭኜ ዳገት ስመላለስ ከዋልኩ በኋላ፣ በግራ እጄ የማዞረው ማርሽ አልገባ ይላል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ልለውጥ ስል ክርችች ትላለች፤ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ያየኛል። ስቆም ደግሞ ከኋላ መንኳኳት ይጀምራል፤ የተሰነጠቀ ቃጭል የሚመታ ይመስላል። ባጃጇን እቆጣታለሁ። አንድ ቀን መሪዋን በጥፊ ስመታት አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ "ልጄ፣ እሷ ምን ታርግ፣ ደክሟታል" አሉኝ። እኔም የፈራሁት እሱን ነበር።

የምታወቅበት ጋራዥ አለ፤ ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ አዳመጡ። ቸኩለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ለዚህም ነው ያመንኳቸው።

"ሞተሩ ሳይበላ አልቀረም" አሉኝ። "ፒስተኑም፣ ቀለበቱ ፋሻውም መታየት አለበት። ይከፈታል ልጄ።"

"ደግመው ይዩት ጋሼ።"

ደግመው አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሞተር ማስከፈት አቅሜ አልነበረም። ያለኝ ሁሉ ባጃጇ ላይ ነው ያለው፤ እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። ዕድል የሚሉት ነገር ደግሞ አመሉ ክፉ ነው፤ በዚያው ሳምንት ያኔ አረብ አገር የላከኝ ደላላ ደወለ። ቪዛ አለ፣ ደህና ቤተሰብ ነው፣ ፓስፖርትሽም አልሞተም አለኝ። አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት። ምሳ ስንበላ ጋሼ ያሉኝን ለእናቴ ስነግራት፣ "ልመለስ ነው መሰለኝ" አልኳት። ለመናገር የመረጥኩት ሰዓት አልነበረም፤ እንዲያው አመለጠኝ።

እናቴ ጉርሻዋን ወደ መሶቡ መለሰች። "ዘይቱ ይሆን እንዴ? እኔ ነኝ የገደልኳት?" አለች።

"አርፈሽ ብይ" አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ ሽው ብሎብኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን የማጥለያ ነጠላ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችውና በሩ ጥግ መደቡ ላይ ጥጧን ይዛ መቀመጥ ጀመረች። ትፈትላለች፣ አትናገርም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የምወስዳት አንዲት መምህር ነበረች፤ ስለ ማሽን ነው የምታስተምረው። ከሌላ ክፍለ አገር የመጣች፣ ወሬ የምትወድ ልጅ ናት። አንዳንድ ቀን ከሰዓትም ወደ ከተማ እመልሳታለሁ። አንድ ቀን ስንመለስ ከኋላ ብድግ ብላ በትከሻዬ በኩል፣ "እህቴ፣ ይቺ ባጃጅ ጠዋት ዝም ትላለች፣ ከሰዓት ትጮሃለች። አስተውለሻል?" አለችኝ።

"እኔም እንደዚያው ነኝ" አልኳት።

ሳቀች። "አይ፣ የምሬን ነው። ፒስተን የተበላ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ጠዋት በብርዱ ነው፤ ሲሞቅ ይሻለዋል። ያንቺ ተገላቢጦሽ ነው። ዘይቱን መቼ ቀየርሽው?"

"አይቀየርም" አልኩ ኮራ ብዬ። "ይነጠራል።"

የእናቴን ሥራ ነገርኳት። መጀመሪያ እንደገና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ከተነጠረው የተረፈ አለሽ?" አለች። ነበረን፤ ለመሙያ የምናስቀምጠው በጠርሙስ። ቅዳሜ ልምጣ አለችኝ። ልቤ ትንሽ ብድግ አለ፤ እኔ ግን ቶሎ ተስፋ የማደርግ ሰው አይደለሁምና መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ መጣች። የቅበላ ሰሞን ነው፤ ቤታችን እውነተኛው ቅቤ ሸቶታል። መምህሯ ሁለት ትንንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ መጥታለች፤ አንዱ ውስጥ አዲስ ዘይት፣ ሌላው ውስጥ እናቴ ያነጠረችውን ጨመረች። ከላይ ትንሽ አየር ተወችና ከደነቻቸው። ሁለቱንም ገለበጠች። የአየሩ አረፋ በሁለቱም ውስጥ እየተንፏቀቀ ወደ ላይ ወጣ። አንዱ ሌላውን አልቀደመም።

እናቴ ከመደቡ ሆና አየችና፣ "ታዲያ ምኑ ነው የከፋ?" አለች። ድምጿ ከሰነበተበት ወጣ።

"ይቆዩ እማማ" አለች መምህሯ። ጠርሙሶቹን የፈላ ውኃ ውስጥ ነክራ አቆየቻቸው። ከዚያ በጨርቅ ይዛ ገለበጠቻቸው። ባዲሱ ውስጥ አረፋው ፈጠን ቢልም ዘይቱን እየገፋ ነው የወጣው። በተነጠረው ውስጥ ግን ሽው ብሎ አለፈ። ውኃ ነው። ዓይኔን ስላላመንኩት ከእጇ ተቀብዬ እኔው ገለበጥኩት፤ ያው ነው።

ከዚያ ለእናቴ ማስረዳት ያዘች። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነበር የምትነግራት፤ እግሯ ሥር ዱካ ስባ ተቀምጣ።

"ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል እማማ። በጣም እንዳይቀጥን የሚሠሩት ሰዎች በዓይን የማይታይ ረጅም ክር ይጨምሩበታል፤ ፖሊመር ይሉታል። በብርዱ ክሩ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ዘይቱን አይከብደውም። ሲሞቅ ይዘረጋና ዘይቱን ይይዘዋል። የናንተን አገር ጠዋትና የዳገቱን ቀትር አንድ ዘይት የሚችለው ለዚያ ነው።"

"ክር" አለች እናቴ፣ እንዝርቷን እያየች።

"ክር። መኪና ላይ ሞተሩና የማርሹ ሣጥን ካምቢዮው የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ባጃጅ ላይ ግን አንዱን ዘይት ነው ሁለቱም የሚጠጡት። የማርሹ ጥርሶች በገጠሙ ቁጥር ዘይቱን መሀል አስገብተው ይጨፈልቁታል። አንዳንዱ ክር ለጥቂት ጊዜ ተለጥጦ ይተኛና ካለፈለት በኋላ መልሶ ይነሳል። ሌላው ይበጠሳል። የተበጠሰው አይመለስም። ዘይቱ ሲቀጥን ደግሞ በብረትና በብረት መሀል የሚቆም ነገር የለም፤ የሚጮኸው እሱ ነው።"

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ሌላ ነገር አሰብኩ። ተለጥጦ ተኝቶ መልሶ መነሳትን አውቀዋለሁ። አረብ አገር ደርሶብኛል፤ ተነስቼ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ ብሄድ ግን እንዲያ ሆኜ እንደምመለስ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ ከጭኗ ላይ የተራገፈ ብጥስጣሽ ጥጥ አነሳች። በጣቷ ልታከረው ሞከረች፤ አልያዘም። "እንዲህ ሆኖ ነዋ" አለች። "ይሄ አይፈተል።"

"እንደዚያ ነው እማማ።"

"እኔ ባጠለልኩት ቁጥር..."

"እርስዎ ያወጡት ቆሻሻውን ነው፤ በደንብ አውጥተውታል። የተበጠሰው ክር ግን ከዘይቱ ጋር አብሮ ያልፋል፣ ነጠላ አይዘውም። ማንም ቢያጠልለው አይዘውም።"

"የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም?"

"የቆረጠው የማርሹ ጥርስ ነው።"

እናቴ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ትንፋሿን ስታወጣ ሰማኋት። መምህሯን ስሸኛት ግን በሩ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሞተሩ ቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ አዲስ ዘይት አያድነውም። ቀይረሽ ከማየት በቀር የማውቀው የለኝም" አለችኝ። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት።

ጋሼ በዚያው ከሰዓት ነገሩን ስነግራቸው አልተከራከሩም። "እኔም መክፈት አልወድም" አሉ። "የተከፈተ ሞተር እንዳልተከፈተ አይሆንም።" የተነጠረውን ዘይት አፈሰሱ፣ የቀረውን አንጠፈጠፉ፣ መምህሯ ለሞተርም ለካምቢዮም ይሆናል፣ ክሩም ለጥርስ አይበገርም ያለችኝን ዓይነት ጨመሩ። አስነሱት። ጋራዡ ውስጥ ቀዝቃዛው ሞተር ሳያንኳኳ ሠራ። ቀዝቃዛ ሲሆን ድሮም ዝም ይል ነበርና አልተደሰትኩም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።

በማግሥቱ እሑድ ቀትር ላይ፣ ተሳፋሪ ሳመላልስ ውዬ ባጃጇ በደንብ ከሞቀች በኋላ፣ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ልሞክረው ተነሳሁ። ሲብስባት እዚያ ነበር የሚብስባት። እናቴ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ ተቀመጠች። "ሦስት ሰው ካልጫንኩ አይታወቅም" ስላት ሁለት ሴቶች ከመንገድ ጠርታ በነፃ አሳፈረች። እነሱም ምን እንደሆነ ሳያውቁ መረቁን።

ዳገቱን ጀመርነው። እጄ ማርሹ ላይ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ አዞርኩ። ገባ። ምንም ሳይናገር ገባ። መልሼ ቀነስኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ፤ ሴቶቹ ይቺ ልጅ ምን ትሆናለች ሳይሉኝ አልቀሩም። ላይ ስንደርስ ጥግ አስይዤ አቆምኩና ሚኒሞ ላይ ተውኳት። ሴቶቹ ወርደው ሊሳለሙ ሄዱ። እኔና እናቴ አልወረድንም። ነፋሱ የባጃጇን ሸራ ይመታል፣ ከበታቻችን የከተማው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከኋላ መንኳኳቱን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። አልመጣም።

"ይሰማሻል?" አልኳት።

"ኧረ ምንም አይሰማኝ" አለች እናቴ። በፍርሃት ነው ያለችው፤ ጆሮዋ የከዳት መስሏት።

"እኔም አይሰማኝ።"

ዞሬ አየኋት። አማተበች። እኔ ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር አመለጠኝ። ከዚያ በፊት እንዲያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም። አውሮፕላኑ የአገሬን መሬት ሲነካ እንኳ እንዲያ አልሆንኩም።

እዚያው እያለን ስልኬ ጮኸ። ደላላው ነው። እናቴ ፊቴን አላየችም፤ ስልኩን ነበር የምታየው። አነሳሁት። "ምን ወሰንሽ?" አለኝ። "አሁን ሥራ ላይ ነኝ" አልኩት። "ነገም ሥራ ላይ ነኝ። አትድከም።" ዘጋሁት። ሴቶቹ ተሳልመው ሲመለሱ ቁልቁለቱን አብረን ወረድን።

ጋሼ በኋላ አይተዋት፣ ማርሹ ትንሽ ቢላላም ብዙ ትሠራለች ብለውኛል። ዘይቱ አሁን ጊዜው ሳይደርስ ይቀየራል፤ የሚቀየረውም አይነጠርም። እናቴ ግን መድፋቱን አሁንም አልፈቀደችልኝም። በዚያው ሳምንት ስመለስ የተጠራቀመውን አሮጌ ዘይት በጣሳ ይዛ፣ ያንን የማጥለያ ነጠላ በእንጨት ጫፍ ጠምጥማ፣ የግቢያችንን አጥር ቋሚዎች ምስጥ እንዳይበላቸው እየቀባች አገኘኋት። እስከ ክንዷ ጠቁራለች። የበሩንም ቋሚ ቀባች፣ የታችኛውን ሳንቃ ቀባች፣ ማጠፊያው ጋ ስትደርስ ዘለለችው።

"ጨርሺዋ" አልኳት። "ይሄ ሁሉ ዘይት እያለ ለሱ ምን ያሰስትሻል?"

"እሱን ተይው።"

"ለምን?"

እንጨቱን ጣሳው ውስጥ አቆመችና እጇን ባሮጌው ቀሚሷ ጠረገች። "አንቺ በሌለሽበት ያ ሁሉ ዓመት በሩ በጮኸ ቁጥር መጣች ብዬ ነው የምነሳ" አለች። "የሚመጣው አንቺ አልነበርሽም። አሁን ሲጮህ አንቺ ነሽ። ይጩህ ተይው።"

ጣሳውን ተቀብዬ የቀረውን ቋሚ እኔ ቀባሁላት።

ከዚያ ወዲህ ስገባ በሩን ከፍ አድርጌ ቀስ ብዬ መክፈት ትቻለሁ። እገፋዋለሁ። ጎረቤት ከፈለገ ይቀየም።